ውርጭ ቶሎ ለሚመጣበት አገር የትኛው ዱባ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የማርሰው መሬት በሰሜናዊ አገር ነው። ከመጨረሻው ውርጭ እስከሚቀጥለው ውርጭ ያለኝ ጊዜ ከ105 ቀን አይበልጥም። ባለፈው ዓመት ዋልተም በተርነትና አትላንቲክ ጃይንት የተባሉትን ዱባዎች በቀጥታ ማሳ ላይ ዘራሁ። ሐረጋቸው ማሳውን ሞላው፤ ፍሬም ያዙ፤ ነገር ግን ሳይበስሉ ውርጭ መታቸው። ዘንድሮ ለምግብ የሚሆን፣ ቢቻል ለወራት የሚቀመጥ ዱባ እፈልጋለሁ። የትኞቹን ዝርያዎች ይመክሩኛል? ከራሴ ምርትስ ዘር ማስቀረት እችላለሁ?»

መልስ፦ ይህን ያህል ከደከሙ በኋላ ምርቱን ውርጭ ሲወስደው ማየት ያሳዝናል። ይሁንና ከጥያቄዎ እንደተረዳሁት በአያያዝዎ ላይ ችግር አልነበረም። ሐረጉ ማሳውን የሞላው አፈሩም ውኃውም ስለተስማማው ነው። ያነሰው ጊዜ ነው። ዋልተም በተርነት ከ105 እስከ 110 ቀን፣ አትላንቲክ ጃይንት ደግሞ 120 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ዘንድሮ የዘር ፓኬት ሲያነሱ ከፎቶግራፉና ከፍሬው ክብደት በፊት የቀኑን ቁጥር ይመልከቱ።

ቁጥሩም ቢሆን እንዳለ አይወሰድም። በፓኬቱ ላይ የሚጻፈው ተክሉ በሚመቸው ሙቀት ሲያድግ የሚወስደው ጊዜ ነው። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት አገር ዱባ እድገቱን ያዘገያል፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ደግሞ ውርጭ ባይኖርም ይጎዳል። ስለዚህ በፓኬቱ ቁጥር ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ጨምረው ያስቡ። በዚህ ስሌት በእርስዎ ማሳ ላይ ያለ ስጋት የሚደርሰው 90 ቀን ወይም ከዚያ በታች የሚጠይቅ ዱባ ነው። ችግኝ ቤት ውስጥ አፍልተው ከተከሉ ግን እስከ 100 ቀን ያሉትም ይደርሱልዎታል።

ገበያ ላይ የምናያቸው ዱባዎች አብዛኞቹ ከሦስት የዕፅዋት ወገኖች ይመጣሉ፤ እነርሱም ኩኩርቢታ ሞስካታ፣ ኩኩርቢታ ፔፖና ኩኩርቢታ ማክሲማ ናቸው። ከቅርጽና ከቀለም ይልቅ ይህ ልዩነት ለእርስዎ ይጠቅማል፤ ብርድን የመቻል አቅማቸውም፣ ጣዕማቸውም፣ ሳይበላሹ የሚቆዩበት ጊዜም በአብዛኛው ከወገናቸው ጋር ይሄዳልና።

በተርነት የሞስካታ ወገን ነው። ይህ ወገን ሙቀት ወዳድ ነው፤ በተለይ ሞቃት ሌሊት ይፈልጋል። ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ ሐረግ የሚበሳውን ትል ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል፤ ሥጋውም ጣፋጭ ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥቅሙ የሚታየው ሙቀቱ ሲበቃው ነው። አረንጓዴ መስመሩ ሳይጠፋ የተቆረጠ በተርነት ውኃ ውኃ ይላል፣ ብዙም አይቆይም። ጣዕሙን እጅግ ከወደዱት ከዋልተም በፊት የሚደርሱ የበተርነት ዝርያዎች ስላሉ ከእነርሱ ጥቂት ሥር በችግኝ ይሞክሩ እንጂ ማሳዎን በእሱ ላይ አይጣሉ።

ፔፖ በዕድገት ፈጣን ነው። ስሞል ሹገር የተባለው ትንሽ ብርቱካናማ ዱባ 100 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ለመጋገሪያና ለሾርባ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ለገበያ የቀረበው ዊንተር ላክሸሪ ቆዳው መረብ የለበሰ የሚመስል፣ ሥጋውም ልስልስ ያለ ግሩም ዱባ ነው፤ እሱም ከ100 ቀን ትንሽ ስለሚያልፍ ያለ ችግኝ አልመክረውም። ጃክ ቢ ሊትል በእጅ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ናት፤ ቶሎ ትደርሳለች፣ ብዙ ታፈራለች፣ ለምግብ ግን ሥጋዋ ጥቂት ነው። ለጌጥ ተብለው የሚሸጡት ትልልቅ ብርቱካናማ ዱባዎች፣ ለምሳሌ ሃውደንና ኮነቲከት ፊልድ፣ ከ110 ቀን ወዲያ ስለሚሄዱ ይተዋቸው። ፍሬው ለዘሩ ሲባል የሚመረትም አለ፤ ካካይ የተባለው ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ስለሌለው ሳይፈለፈል ተቆልቶ ይበላል። ቅርፊት አልባ ዘር ግን በቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ውስጥ ፈጥኖ ስለሚበሰብስ እሱንም በችግኝ ነው መጀመር።

እኔ ለእርስዎ አየር የማስቀድመው ማክሲማን ነው። የዚህ ወገን መነሻ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ከሦስቱ ቀዝቀዝ ያለ የማደጊያ ወቅትን በተሻለ የሚችለው እርሱ ነው። ከውስጡ ሬድ ኩሪን መጀመሪያ አደርጋለሁ። ፍሬዋ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ትመዝናለች፣ ከ90 እስከ 95 ቀን ባለው ጊዜ ትደርሳለች፣ ሥጋዋ ደረቅ ያለና ጣፋጭ ነው፤ ስትበስል ቀጭኑ ቆዳዋ አብሮ ስለሚለሰልስ መላጥ አያስፈልጋትም። ሁለተኛው ባተርከፕ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ከአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ግዛት የግብርና ኮሌጅ ሲሆን፣ በጋው አጭር ለሆነ አገር ታስቦ የተዳቀለ ነው። ከ95 እስከ 100 ቀን ይወስዳል፤ በጣዕም ከእሱ የሚወዳደር የሰሜን ዱባ ጥቂት ነው። ቦታ ካነሰዎት ከዚያው ግዛት የወጣው ጎልደን ነገት አለ፤ ሐረጉ እንደሌሎቹ ስለማይዘረጋ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይበቃዋል፣ ቶሎም ይደርሳል፤ ጣዕሙ ግን ከሁለቱ ያንሳል።

ወገኑ ማክሲማ ስለሆነ ብቻ ግን አይመኑ። አትላንቲክ ጃይንትም ማክሲማ ነው። በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ሃዋርድ ዲል ለክብደት ውድድር መርጦ ያሻሻለው ዱባ ነው፤ ሥጋውም ለገበታ የሚመረጥ አይደለም። ሌላው ማወቅ ያለብዎት የማክሲማ ግንድ ለስላሳ ስለሆነ ሐረግ የሚበሳው ትልና ባለ መስመሩ ጥንዚዛ እንደሚወዱት ነው። አንዳንድ ገበሬዎች ይህንኑ ጠባይ ተጠቅመው ብሉ ሃባርድ የተባለውን የማክሲማ ዱባ በማሳው ዳር ይተክላሉ፤ ተባዩ እሱ ላይ ሲከማች እዚያው ይቆጣጠሩታል።

አሁን ቀን ወደ ማትረፉ እንምጣ። የዱባ ዘር የአፈሩ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ አይበቅልም፣ ይበሰብሳል፤ ፈጥኖ የሚወጣው በ30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከመትከያው ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው በሚበሰብስ የወረቀት ወይም የፒት (ከበሰበሰ የረግረግ ዕፅዋት የሚገኝ አፈር) ማሰሮ ቤት ውስጥ ይዝሩት። ሥሩ መነካካትን ፈጽሞ ስለማይወድ ከነማሰሮው ይቅበሩት። ከሦስት ሳምንት በላይ አያቆዩት፤ ያረጀ ችግኝ ከተተከለ በኋላ ቆሞ ይቀራል፣ ያተረፉትን ቀንም ይበላዋል። መደቡን ከመትከልዎ በፊት በጥቁር ፕላስቲክ ቢሸፍኑት አፈሩ ቀድሞ ይሞቃል። ችግኙን በስስ የእርሻ ጨርቅ ማልበስም ከብርድና ከጥንዚዛ ያድነዋል፤ ሴቴ አበባ ሲታይ ግን ጨርቁን ያንሱ፣ ያለ ንብ ፍሬ አይይዝም። መጀመሪያ የሚወጡት አበቦች ወንዴ ብቻ ቢሆኑ አይደንግጡ። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ ይዛ በኋላ ትመጣለች።

የናይትሮጅን ማዳበሪያ አያብዙ፤ ቅጠሉን አሳምሮ አበባውን ያዘገያል።

አበባ ከተዳቀለ በኋላ ፍሬው ለመብሰል 50 ቀን ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውርጭ ከሚጠበቅበት ቀን 50 ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ ከዚያ በኋላ የያዘ ፍሬ ስለማይደርስ ይቁረጡት፣ የሐረጉንም ጫፍ ይቀንጥሱ። ብዙ ገበሬ በዚህ ጊዜ እጁ አይታዘዝለትም፤ እያደገ ያለ ፍሬ መጣል ከባድ ነውና። ነገር ግን ያ ፍሬ የሚወስደው ምግብ ቀድመው ከያዙት ላይ ነው የሚቀነሰው። በአንድ ሐረግ ሁለት ወይም ሦስት ሬድ ኩሪ በደንብ በስሎ ቢገኝ ከስምንት ጥሬ ዱባ በእጅጉ ይሻላል።

ለመቁረጥ ቆዳው በጥፍር ሲጫኑት የማይበሳ፣ የማክሲማው አንገት ደግሞ እንደ ቡሽ የደረቀ መሆን አለበት። ቀላል ውርጭ ቅጠሉን ብቻ ሊገድል ይችላል፤ ፍሬው ራሱ ከተመታ ግን አይቀመጥም፤ ስለዚህ ቀድመው ያንሱት። አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አንገት አስቀርተው ይቁረጡ፣ በአንገቱም አንጠልጥለው አይሸከሙት። ከ27 እስከ 29 ዲግሪ በሚሞቅና አየር በሚዘዋወርበት ክፍል 10 ቀን ያህል ካደረቁት በኋላ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ስሞል ሹገር ሁለት ወይም ሦስት ወር ይቆያል፤ ባተርከፕ ሦስት ወር ገደማ፣ ብሉ ሃባርድ እስከ ስድስት ወር። ባተርከፕን በተቆረጠ ሳምንት አይብሉት፤ ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው በማከማቻ ውስጥ ስለሆነ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ይጣፍጣል።

ዘር ማስቀረት ይችላሉ፤ ግን ሬድ ኩሪና ባተርከፕ አንድ ወገን ስለሆኑ ጎን ለጎን ሲያብቡ ንቦች ያዳቅሏቸዋል። የዘንድሮው ፍሬ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ከዘሩ የሚበቅለው ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጠው ከፔፖው ስሞል ሹገር ጋር ቢዘሩ የሁለቱም ዘር አይደባለቅም፤ በአቅራቢያ ሌላ ዱባ የሚዘራ ጎረቤት ካለ ግን ሴቴዋን አበባ ከመከፈቷ በፊት በማታ አስረው፣ ጠዋት በራሷ ዝርያ ወንዴ አበባ በእጅዎ አዳቅለው መልሰው ይሰሯት። በፓኬቱ ላይ ድቅል ወይም ኤፍ 1 የሚል ካለ ዘሩን አያስቀሩ፤ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። ከጌጥ ቅል ጋር የተዳቀለ ፔፖ መራራና መርዛም ሊሆን ስለሚችል፣ ከራስዎ ዘር የበቀለን ዱባ ከማብሰልዎ በፊት ትንሽ ቁራጭ በምላስዎ ይሞክሩ፤ ከመረረ ይትፉትና ሙሉውን ፍሬ ይጣሉት። ዘር የሚወስዱትም ከትልቁ ፍሬ ሳይሆን በማሳዎ ቀድሞ ከበሰለው ይሁን፤ ፍሬውን ከቆረጡ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይከፍቱ ቢያቆዩት ዘሩ ውስጥ ሆኖ ይሞላል።