ውሃ ወደ ሕዋስ «ይሰርጋል»፣ «ይሰርጻል» ወይስ «ይሰራጫል»?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች የሳይንስ ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ውሃና ሌሎች ነገሮች ወደ ሕዋስ የሚገቡበትን መንገድ አንዱ «ይሰርጋል»፣ ሌላው «ይሰርጻል»፣ ሦስተኛው «ይሰራጫል» ይለዋል። ልዩነት አላቸው? «ሕዋስ»ስ የሚጻፈው በየትኛው «ሀ» ነው?

መልስ፦ አላቸው። «ተሰራጨ» ከበዛበት ተነሥቶ ወዳነሰበት ለሚበተን ነገር ይሆናል። የዕጣን ሽታ ቤቱን የሚሞላው እንዲህ ነው፤ ኦክስጅንም ከደም ወደ ሕዋስ የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ስለሆነ «ይሰራጫል» ቢባል ያምርበታል። «ሰረገ» ግን የፈሳሽ ግስ ነው። ዝናብ መሬት ውስጥ ሲሰርግ ቀስ ብሎ፣ በማይታይ ቀዳዳ ነው። ውሃ የሕዋሱን ስስ ሽፋን አልፎ ሲሄድ፣ ማለትም ለኦስሞሲስ፣ ከዚህ የሚሻል ግስ አላውቅም።

«ሰረጸ»ን ለዚህ ባልጠቀምበት እመርጣለሁ። በግእዝ «ሠረጸ» በቀለ፣ ወጣ ማለት ነው፤ «ከአብ የሠረጸ» ሲባል የምንሰማውም ይኸው ነው። አማርኛው ደግሞ አቅጣጫውን ገልብጦ «ትምህርቱ በልቡ ሰረጸ» ይላል። አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ! ለሐሳብ እንተወው።

«ሰረገ» ብቻውን አቅጣጫ አይናገርም። አማርኛ አኳኋኑን በቦዝ አንቀጽ፣ አቅጣጫውን በማሰሪያው ግስ ይገልጻልና «ሰርጎ ይገባል»፣ «ሰርጎ ይወጣል» ብለው ይጻፉ። ዘቢብ ሲዘፈዘፍ ውሃው ሰርጎ ይገባና ያሳብጠዋል፤ የተከተፈ ቲማቲም ጨው ሲነሰነስበት ደግሞ ውሃው ሰርጎ ይወጣና ሳህኑ ላይ ይጠራቀማል።

ተማሪን በብዛት የሚያሳስተው «ከከፍተኛ ክምችት ወደ ዝቅተኛ ክምችት» የሚለው አባባል ነው። የምን ክምችት? የጨው ከመሰለው መልሱ ተገለበጠ ማለት ነው። «ውሃ ጨው ወይም ስኳር ወደበዛበት ጎን ይሰርጋል» ቢሉት ይበቃል። ቀይ የደም ሕዋስ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወደ ውስጡ ሰርጎ ያሳብጠውና ይፈነዳል፤ በ100 ሚሊ ሊትር 0.9 ግራም ጨው ባለበት ውሃ ግን መልኩን ይዞ ይቆያል። የተክል ሕዋስ የማይፈነዳው ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ነው። ስለዚህ «ሽፋን»ንና «ግድግዳ»ን አያቀያይሩ፤ የእንስሳ ሕዋስ ግድግዳ የለውም።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ሕዋሱ ጉልበት ሳያወጣ የሚሆኑ ናቸው፤ ግሶቹም «ሰረገ»፣ «ተሰራጨ»፣ «ገባ» እንጂ «አስገባ» አይደሉም። ጉልበት ሲወጣ ግሱም መለወጥ አለበት። «ሶዲየም ከሕዋሱ ይወጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰዋስዉ ደህና ሆኖ ሳይንሱ የተሳሳተ ነው፤ በራሱ የሚወጣ ያስመስላልና። ሶዲየም የሚበዛው ከሕዋሱ ውጭ ስለሆነ ቢተዉት የሚገባ እንጂ የሚወጣ አይደለም። ሽፋኑ ላይ ያለው ፓምፕ አንድ ኤቲፒ (ለሕዋሱ ጉልበት የሚሰጥ ሞለኪውል) በከፈለ ቁጥር 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ያቺ «አስ» የጉልበቱ ምልክት ናት፤ አትጣል።

በሕዋሱ ውስጥ ለሚደረገው ጉዞም ግስ አላጣንም። ኪኔሲን የሚባለው ፕሮቲን ዕቃ የያዘ ትንሽ ከረጢት ተሸክሞ በቀጭን ሐዲድ ላይ ሁለት «እግሮቹን» እያፈራረቀ ይራመዳል፤ አንዱ እርምጃ 8 ናኖሜትር፣ ዋጋውም አንድ ኤቲፒ። «ይንቀሳቀሳል» ብሎ ማደብዘዝ ለምን? «ተሸክሞ ይራመዳል» ይበሉት። ነጭ የደም ሕዋስ ባክቴሪያን ሲከብና ወደ ውስጡ ሲያስገባ «ጎረሰ» የሚሉ አሉ። የተጎረሰ ገና አፍ ውስጥ ነው፤ ይኼኛው ሆድ ስለገባ «ዋጠ» ይሻላል።

«ሕዋስ» በሐመሩ «ሐ» ነው። በግእዝ የስሜት መቀበያ ማለት ሲሆን፣ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» የምንለው ከዚያ ነው፤ ለሴል የዋለው በኋላ ነው። በሀሌታው «ህዋስ» ቢጻፍም አንባቢ አይስትም፤ ማስታወሻው ውስጥ ግን አንዱን መርጠው ይጽኑ። ብዙ ቁጥሩ «ሕዋሳት» ወይም «ሕዋሶች» ነው፤ «ሕዋሳቶች» ግን ሁለት ጊዜ ማብዛት ነው።