ማን ምን ይንካ? የዳታቤዝ አካውንትና ፈቃድ፣ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ዛሬ ጥያቄ ክፍት ነው ብዬ ነበር፤ አብዛኛው ስለ ዩዘር አካውንት ሆኖ መጣ። አይገርምም። በየሱቁ ሲስተም ገብቷል፣ ፓስዎርዱ ግን አሁንም አንድ ነው፤ እሱም ሞኒተሩ ላይ ተለጥፏል። ትእዛዞቹን በአማርኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ ግን በእንግሊዝኛው ነው የሚጻፉት።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት አለኝ። አራቱም ሠራተኞች በአንድ ስም ነው የሚገቡት። ሲስተሙ ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ነው። በምን ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሁለት ነገር ይለዩ። ሠራተኛው ወደ ፕሮግራሙ የሚገባበት አካውንት አለ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ወደ ዳታቤዙ የሚገባበት ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ቦታ ሁለተኛው «ሩት»፣ ማለትም የዳታቤዙ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት፣ ሆኖ ነው የማገኘው። ሩት ሁሉንም ማጥፋት ይችላል። ዛሬውኑ ያስቀይሩት። ለፕሮግራሙ የራሱን ዳታቤዝ ብቻ የሚነካ ዩዘር ይበቃዋል።

ከዚያ ወረቀት ያውጡና የሥራ ድርሻ ይጻፉ፣ የሰው ስም አይጻፉ፦ ካሸር፣ ስቶር፣ ሥራ አስኪያጅ። ካሸሯ ዋጋ ታያለች፣ ሽያጭ ትመዘግባለች። ዋጋ አትቀይርም፣ ያለፈ ሽያጭም አትሰርዝም። የተሳሳተ ደረሰኝ ካለ ሥራ አስኪያጁ በራሱ አካውንት ገብቶ ቮይድ ያደርጋል (ደረሰኙን ይሽራል)፣ ምክንያቱንም ይጽፋል። ስቶሩ ዕቃ ሲገባ ብዛቱን፣ ባች ቁጥሩንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ይሞላል፤ የቀኑን ገቢ ማየት አያስፈልገውም። በትንሽ ቤት ካሸርም ስቶርም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሮል (ለአንድ የሥራ ድርሻ የሚሰጡ ፈቃዶችን ጥቅል) ይስጡት፣ ቆጠራውን ግን ሌላ ሰው ያድርግ። ዕቃ ሲጎድል ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ማለቱ አይቀርም። ሁሉም በየስሙ ከገባ ቢያንስ መዝገቡ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ማይኤስኪውኤል 8 ላይ ሮል ፈጥሬ ለዩዘሩ ሰጠሁት። ሲገባ ግን ምንም አያይም።

መልስ፦ ይሄ ብዙ ሰው ያናድዳል። ሮል ማይኤስኪውኤል ውስጥ የገባው በ8.0 ነው፣ በ2018 እ.ኤ.አ.። ሮሉን በ«ግራንት» (ፈቃድ መስጫው ትእዛዝ) መስጠት ብቻውን አያነቃውም። «ሴት ዲፎልት ሮል» በሚለው ትእዛዝ ዩዘሩ ሲገባ አብሮት የሚነሳው ሮል የትኛው እንደሆነ ንገረው። ለመፈተሽ በዩዘሩ ስም ግባና «ሰሌክት ከረንት ሮል» በል። «ነን» (ምንም የለም) ብሎ ከመለሰ ችግሩ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ካሸር የሚለው የማይኤስኪውኤል ዩዘር ሰርቨሩ ካለበት ኮምፒውተር ይገባል። ከሌላው ክፍል ግን በዚያው ፓስዎርድ «አክሰስ ዲናይድ» (መግባት ተከልክሏል) ይላል።

መልስ፦ ማይኤስኪውኤል ዩዘርን በስሙ ብቻ አያውቀውም፤ ከየት እንደመጣም ያያል። ካሸር ከሎካልሆስት (ከሰርቨሩ ኮምፒውተር ራሱ) እና ካሸር ከ192.168.1.20 (ከሌላው ኮምፒውተር አድራሻ) ለእሱ የተለያዩ ዩዘሮች ናቸው። አካውንቱን ለውስጥ ኔትወርካችሁ ፍጠረው፣ ለምሳሌ 192.168.1.% ብለህ። % ብቻውን ካደረግክ ግን ከየትም ግባ ማለትህ ነው። በዚያ ላይ 3306 ፖርት (ማይኤስኪውኤል ግንኙነት የሚቀበልበት በር) ወደ ኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር ያለ ፔንሲዮን ውስጥ እሠራለሁ። የክፍል መመዝገቢያችን የማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። ድሮ ለየዩዘሩ ፈቃድ መስጫ ነበረው፣ አሁን የት ሄደ?

መልስ፦ አክሰስ 2007 ይዞት በመጣው የፋይል ዓይነት ውስጥ የለም። አሁን ያለሽ የፋይሉ ፓስዎርድ ብቻ ነው፣ እሱም ለሁሉም አንድ። ፎርም መደበቅ ሥራ ያቀላጥፋል እንጂ አይጠብቅሽም፤ ፋይሉን መክፈት የቻለ ሰው ኮፒ አድርጎት ይሄዳል። የእንግዶች ስምና ስልክ ያለበት ስለሆነ ቴብሎቹን (ዳታው ያለባቸውን ሰንጠረዦች) ወደ ማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ ሰርቨር፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ፣ ውሰጃቸው። ነፃ ነው። ፎርሞቹ አክሰስ ላይ ይቆዩ፣ ፈቃዱን ሰርቨሩ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱን ላጥፋው?

መልስ፦ አታጥፋው፣ ቆልፈው። የድሮ ሽያጮች ላይ ስሙ አለ፤ ካጠፋኸው ማን እንደሸጠ ይጠፋብሃል። ፕሮግራሙ ውስጥ «የማይሠራ» አድርገው። የዳታቤዝ ዩዘር ካለውም «አልተር ዩዘር» ብለህ «አካውንት ሎክ» ጨምርበት። ልብ በል፦ መቆለፉ አዲስ መግባት ይከለክላል እንጂ አሁን ገብቶ ያለውን አያስወጣም። «ሾው ፕሮሰስሊስት» ብለህ አይተህ ግንኙነቱን በ«ኪል» ቁረጠው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ የሁሉንም ፓስዎርድ ዝርዝር አምጣ አለኝ።

መልስ፦ አይኖርህም፣ ሊኖርህም አይገባም። በደንብ የተሠራ ሲስተም የሚያስቀምጠው ሃሹን ነው፣ ማለትም ፓስዎርዱ ተመልሶ የማይወጣበትን ኮድ። አለቃህ ፓስዎርድ ሪሴት የማድረግ (በአዲስ የመተካት) ፈቃድ ይኑራቸው፣ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ክሊኒክ ነው የምሠራው። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ የሕመምተኛውን ስም ማየት አለባት፣ ምርመራውን ግን አይደለም። ሁለቱም አንድ ቴብል ላይ ናቸው።

መልስ፦ ስም፣ ካርድ ቁጥርና ቀጠሮ ብቻ የያዘ ቪው (ከቴብሉ የተመረጠውን ብቻ የሚያሳይ መስኮት) ሥራ። ለእሷ ፈቃድ ቪው ላይ ስጥ፣ ዋናው ቴብል ላይ ምንም። የጤና መረጃ ተራ መረጃ አይደለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል።

ጥያቄ፦ ፈቃዱን ሁሉ አስተካክያለሁ። ባክአፑን ማታ ማታ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ቤት እወስዳለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ከሱቅ ውጭ ባክአፕ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን የሰጠኸው ፈቃድ የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው። ፍላሹ ታክሲ ውስጥ ቢወድቅ፣ ያገኘው ሰው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ሩት ነው፤ ሁሉንም ያያል። ፋይሉን ኢንክሪፕት አድርገህ (ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ቆልፈህ) ያዝ፣ ቁልፉን ግን እዚያው ፍላሽ ላይ እንዳታስቀምጠው።