አይ-30፦ ከጅቡቲ ሰማይ እስከ ሎርያን ወደብ

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ እስከ ጅቡቲ ደርሳ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎን፣ እውነት ነው። በኮማንደር እንዶ ሺኖቡ የምትመራው አይ-30 በኤፕሪል 1942 በዛሬዋ ማሌዥያ ካለችው ከፔናንግ ደሴት ተነሥታ የሕንድ ውቅያኖስን ካቋረጠች በኋላ፣ ሜይ 7 በኤደን፣ በማግሥቱም በጅቡቲ ላይ ቃኚ አውሮፕላኗን አበረረች። ጅቡቲ ያን ጊዜ፣ ከጀርመን ጋር ይተባበር በነበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ሥር ያለች ግዛት ነበረች። ጃፓኖቹ የሚሹት ግን የእንግሊዝ ትላልቅ የጦር መርከቦች የት እንደቆሙ ማወቅ ነበርና፣ በዚያው ወር ዛንዚባርንና ዳሬሰላምንም ቃኙ።

ጥያቄ፦ ሰርጓጅ መርከብ አውሮፕላን እንዴት ትይዛለች?

መልስ፦ ሁለት ሰው የሚይዘው ትንሽ አውሮፕላን ተፈታትቶ ውኃ በማያስገባ መጋዘን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ለበረራ ሲፈለግ ተገጣጥሞ ከመርከቧ ፊት ለፊት በማስወንጨፊያ ይነሣል፤ ሲመለስ ባሕር ላይ ያርፍና በክሬን ይወጣል። መርከቧ ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ከውኃ በላይ ተጋልጣ መቆየቷ፣ በእኔ ግምት፣ የዘዴው ዋና ድክመት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቅኝቱ ምን አስገኘ?

መልስ፦ መርከቦቹን ለማጥቃት ታስቦ ነበርና፣ ጥቃቱ የተፈጸመው በማዳጋስካር፣ በዲዬጎ ስዋሬዝ ወደብ ነው። እዚያ መርከቦቹን ያገኘው አይ-10 የተባለችው ሌላ የጃፓን ሰርጓጅ አውሮፕላን ሲሆን፣ አይ-16 እና አይ-20 ከተባሉ ሰርጓጆች የተለቀቁ ድንክ ሰርጓጆች በሜይ መጨረሻ ራሚሊስ የተባለችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ክፉኛ ጎድተው አንዲት የነዳጅ ጫኝ መርከብ አሰጠሙ።

ጥያቄ፦ አይ-30 ከዚያ በኋላ ወዴት ሄደች?

መልስ፦ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞራ፣ በኦገስት 1942 መጀመሪያ ጀርመኖች በያዟት የፈረንሳይ ወደብ ሎርያን ገባች፤ በዚያ ጦርነት አውሮፓ የደረሰች የመጀመሪያዋ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብም ሆነች። ያመጣችው ጭነት ማይካ የተባለ ማዕድንና ሼላክ የተባለ ሙጫ ሲሆን፣ በመልሱ የጫነችው ቪርትስቡርግ የተባለውን የጀርመን ራዳርና ንድፎቹን ይጨምር ነበር። ጃፓን በራዳር ወደኋላ ቀርታ ስለነበር፣ ከሁሉም የምትጓጓለት ዕቃ ይኸው ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ራዳሩ ጃፓን ደረሰ?

መልስ፦ አልደረሰም። መርከቧ ያን ሁሉ ውቅያኖስ በሰላም አልፋ ሲንጋፖር ከደረሰች በኋላ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1942 ከወደቡ ስትወጣ የእንግሊዝ የባሕር ፈንጂ መታትና ሰጠመች። አብዛኞቹ ባሕርተኞች ሲተርፉ፣ ከጭነቱ ጥቂቱ ብቻ በጠላቂዎች ወጣ። በኋላ ወደ አውሮፓ ሄደው ጭነት እንዲለዋወጡ ከተላኩት አራት የጃፓን ሰርጓጆችም አውሮፓ ደርሳ ወደ ጃፓን የተመለሰችው አይ-8 ብቻ ነች።