መልስ፦ የፕላዝማው ዲኤንኤ ከተጠበቀው በላይ ሲበዛ

ከፕላዝማ (ሴሎቹ ከተለዩ በኋላ ከሚቀረው የደም ፈሳሽ) በማውጫ ኪት ያወጡት ዲኤንኤ ለምን ከተጠበቀው በላይ እንደበዛ ጠይቀውኛል። በዲኤንኤው የርዝመት ግራፍ ላይ፣ ከሚጠበቀው የ167 ቤዝ ፔር (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) ፒክ (ሹል ጫፍ) ሌላ ከ1000 ቤዝ ፔር በላይ የተዘረጋ ሰፊ ጉብታ የታየዎት፣ ደሙ በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ቱቦ ፕላዝማው ሳይለይ በማደሩ ነጭ የደም ሴሎች ፈርሰው የራሳቸውን ዲኤንኤ ወደ ፕላዝማው ስለለቀቁ ነው እንጂ ኪቱ ስለተበላሸ አይደለም።

ቀጣዩን ናሙና በተቀዳ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ይለዩት፦
1. ደሙን በሴንትሪፉጅ በ1600 ጂ (ከመሬት ስበት 1600 እጥፍ በሆነ ኃይል) ለ10 ደቂቃ ያሽከርክሩ፤ ከነጭ ሴሎቹ ንጣፍ በላይ ጥቂት ፕላዝማ ትተው የቀረውን በቀስታ ወደ አዲስ ቱቦ ያዛውሩ።
2. በ16000 ጂ ለ10 ደቂቃ ይድገሙት።

ከልምድ የማሳስብዎ፣ ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርሱ ፕላዝማውን በረዶ ቤት እንዳያስገቡ ነው፤ ቀርተው የነበሩት ሴሎች በመቀዝቀዝና በመቅለጥ ይፈነዳሉ። በፍሎሮሜትር (የዲኤንኤን መጠን በሚፈነጥቅ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) የተለካ መጠን ብቻውንም አያሳምንዎት፤ መሣሪያው የዲኤንኤውን ርዝመት ስለማይለይ፣ የተበከለው ናሙና ከንጹሑ የተሻለ መስሎ ይታያል።