አንድ ማንኪያ ኮከብ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ7ኛ ክፍል ልጄ «አንድ የሻይ ማንኪያ የኒውትሮን ኮከብ ተራራ ያህል ይከብዳል» ብላ ሞገተችኝ። እውነት ነው? ወደ ምድር ብናመጣውስ ምን ይሆናል?
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ልክ ናት። ወደ 2 ቢሊዮን ቶን ይመዝናል።

አተም ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ሳስተምር ጥጥ ይዤ ክፍል እገባለሁ። አንድ ፌስታል ሙሉ ጥጥ አጥብቄ ስጨብጠው ሎሚ ያህላል። ትልቅ ኮከብም ነዳጁን ሲጨርስ እምብርቱ በራሱ ስበት ይደረመሳል። የአተሞቹ ኤሌክትሮኖች ከፕሮቶኖቹ ጋር ተዋህደው ኒውትሮን የሚባል ቅንጣት ይሆናሉ። ባዶው ቦታ ይጠፋል። የፀሐይን 1.4 እጥፍ ገደማ የሚመዝን ቁስ ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ኳስ ውስጥ ይታጨቃል።

ከኒውትሮን ኮከቦች ሁሉ እኔ የምወደው በሸርጣን ኔቡላ (ከፈነዳ ኮከብ በተረፈ የጋዝ ደመና) ውስጥ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1054 የቻይና ከዋክብት ተመልካቾች ፀሐይ እያለች ጭምር ለ23 ቀን የታየ እንግዳ ኮከብ መዝግበዋል። ያ የአንድ ትልቅ ኮከብ ፍንዳታ ነበር። የተረፈው የኒውትሮን ኮከብ ዛሬም በሰከንድ 30 ጊዜ ገደማ ይሾራል። ሰከንድ! ዓይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ ብዙ ጊዜ ዞሯል።

ወደ ማንኪያው ስንመለስ፣ ምድር ላይ ማንኪያ ሆኖ አይቆይም። እንደዚያ አጭቆ የያዘው የኮከቡ ስበት ነው። ስበቱ ሲለቀው ወዲያው ይፈነዳል። ብቻውን የቀረ ኒውትሮን ደግሞ ዕድሜው በአማካይ 15 ደቂቃ ገደማ ነው።

በኮከቡ መሃል ኒውትሮኖቹ ራሳቸው ፈርሰው ኳርክ (ኒውትሮን የተሠራባቸው ይበልጥ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ይሆኑ እንደሆነ ግን ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም። ይህን ለልጅዎ ይንገሩልኝ።