ለእግዚአብሔር «ደህና ነኝ» አትበሉት

አሜሪካ ከገባሁ 21 ዓመት ሆነኝ። እዚህ ቨርጂኒያ ስንት አዲስ መጪ ተቀብያለሁ፤ የምትሰናከሉበት ቦታ ግን ያው ነው። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር።

1. ወረቀት። ጥገኝነት የምትጠይቁ ከሆነ ከገባችሁ ዓመት ሳይሞላ አስገቡ። ቤት ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻችሁን አሳውቁ። ሌላውን ጠበቃ ይንገራችሁ።

2. የስልክ ነቢይ። «በሦስት ወር ወረቀትህ ይመጣል» ለሚል ሰው ገንዘብ መላክ ይብቃችሁ። ሌሊቱን ቆማችሁ ያደራችሁበት ገንዘብ ነው! ከትንቢተ ኤርምያስ ሁላችንም ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው 29 ቁጥር 11ን ነው፤ «የሰላም አሳብ» የሚለውን። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ውጡ እስቲ። የባቢሎን ስደት 70 ዓመት ይቆያል ይላል። ሐናንያ የሚባል ነቢይ «በሁለት ዓመት ያልቃል» ብሎ ሕዝቡን ደስ አሰኝቶ ነበር፤ ውሸት ነበር። ለባቢሎን ስደተኞች የተጻፈላቸው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ጸልዩ የሚል ነው። እግዚአብሔር ቀኑን አላሳጠረላቸውም። አልረሳቸውምም።

3. ጸሎት። የእኔ ኬዝ ስምንት ዓመት ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ እናቴ «እንዴት ነህ ልጄ?» ስትለኝ ከምሠራበት ፓርኪንግ ሆኜ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላታለሁ። እሷም «እኔም ደህና ነኝ» ትላለች። ለካ ታማለች። እንዳትጨነቅ እደብቃታለሁ፤ እንዳልጨነቅ ትደብቀኛለች።

ጸሎቴም እንደዚያ ስልክ ነበር። አፌ «ፈቃድህ ይሁን» ይላል። ፈራሁ፣ ተናደድኩ፣ ቀናሁ ብዬው አላውቅም። ከእኔ ኋላ የመጣ ልጅ በዓመቱ ወረቀቱን ሲያገኝ «እንኳን ደስ ያለህ» ብዬ አቅፌው፣ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ይህንንም ለእግዚአብሔር አልነገርኩትም።

አንድ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ስከፍት ስድስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ሀበሻ ሁሉ ያውቃል። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጸለይ ተውኩ።

ወረቀቱ ከ14 ወር በኋላ መጣ። ፖስታው ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ሙሉ ተቀመጠ። በዚያው ሳምንት አንድ ሌሊት ፓርኪንጉ ባዶ ሲሆን «ለምን ወሰድክብኝ? አንድ ዓመት መታገሥ አቃተህ?» ብዬ ጮህኩበት። መልስ አልመጣም። ግን ስንት ዓመት ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

ይህ ድፍረት አይደለም። ሐና ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ሰማት። ጌታም በጌቴሴማኒ «የአንተ ፈቃድ ይሁን» ከማለቱ በፊት «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሏል። እኛ የመጀመሪያዋን ዘለን ወደ ሁለተኛዋ እንሮጣለን። ለምን ትዘላላችሁ? እሱ ካልዘለለው እናንተ ማን ናችሁ?

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። አሁንም እጠይቀዋለሁ፤ ስጠይቀው ግን አጠገቡ ሆኜ ነው። እናንተም ዛሬ ሥራ ከመግባታችሁ በፊት፣ መኪና ውስጥ ሆናችሁ፣ በገዛ ቋንቋችሁ የሆዳችሁን ንገሩት። ከዚያ እናታችሁ ጋ ደውሉ። «ደህና ነኝ» ካለቻችሁ ሁለተኛ ጠይቋት።