ያለ ምዝገባ መማር፦ ዩኒቨርሲቲዎች ለሕዝብ ስለሚከፍቷቸው መድረኮች ለወጣቶች የተሰጠ ምክር

ውድ ወጣቶች፣

አብዛኛውን ዕድሜዬን በምህንድስና ሙያ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ። ካገኘሁት ዕውቀት ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል በዲግሪዬ ላይ የተጻፈ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲዎች ለማንኛውም ሰው ክፍት በሚያደርጓቸው የማታ ንግግሮች፣ ኮንሰርቶችና ትምህርቶች ላይ እየተገኘሁ ያዳመጥሁት ነው። ብዙዎቻችሁ በዩኒቨርሲቲ አጥር ላይ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «መግቢያ በነፃ» የሚል ጥሪ ስታዩ፣ ጥሪው ለዚያ ትምህርት ክፍል ሰዎች ወይም ብዙ ለተማሩ ታላላቆች ብቻ የተላለፈ እየመሰላችሁ ታልፋላችሁ። ጥሪው የእናንተም ነው። ይሁን እንጂ ጥሪውን መቀበል ገብቶ ወንበር መያዝ ብቻ እንዳልሆነ፣ ማዳመጥ ራሱ ዝግጅትና ጽናት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ከወዲሁ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

ልማዱ የቆየ ነው። ቶማስ ግሬሻም የተባለ የለንደን ነጋዴ በተወው ኑዛዜ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1597 የተቋቋመው ግሬሻም ኮሌጅ ዲግሪ የማይሰጥ፣ ነገር ግን የሥነ ፈለክ፣ የሥነ መለኮት፣ የጂኦሜትሪ፣ የሕግ፣ የሙዚቃ፣ የሕክምናና የንግግር ጥበብ መምህራን ለከተማው ሕዝብ በነፃ የሚያስተምሩበት ተቋም ነበር፤ ዛሬም ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ንግግሮችን ያቀርባል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ስለ ሙዚቃው ትምህርት የወጣው ደንብ ነው። መምህሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ከተናገረ በኋላ፣ የቀረው ጊዜ በድምፅ ወይም በመሣሪያ ሙዚቃው ራሱ የሚሰማበት እንዲሆን ደንቡ ያዝዝ ነበር። ሌሎቹ መምህራን በላቲንም በእንግሊዝኛም እንዲያስተምሩ ሲጠበቅባቸው፣ የመጀመሪያው የሙዚቃ መምህር ጆን ቡል በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያስተምር ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ዛሬ በአንድ መድረክ ላይ ገለጻና ሙዚቃ ተቀናጅተው ሲቀርቡ ስታዩ፣ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ያስቆጠረ የማስተማር ስልት እያያችሁ መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያው ኮሌጅ ታሪክ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 1660 የሥነ ፈለክ መምህር የነበረው ክሪስቶፈር ሬን ንግግሩን ካጠናቀቀ በኋላ፣ ከአድማጮቹ መካከል የተወሰኑት ወደ ቤታቸው ከመሄድ ይልቅ ቆይተው መወያየት ጀመሩ፤ በዚያ ውይይት ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች ተፈጥሮን በሙከራ የሚመረምር ማኅበር ለማቋቋም ተስማሙ። በኋላ የሮያል ሶሳይቲ ስም የያዘው ታላቁ የሳይንስ ማኅበር የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ይህን የምነግራችሁ እናንተም ማኅበር እንድትመሠርቱ አይደለም። ንግግሩ ሲያበቃ ቦርሳ አንጠልጥሎ ለመውጣት የሚቸኩል ሰው ከምሽቱ ትልቁን ክፍል ጥሎ እንደሚሄድ እንድታዩ ነው። ተናጋሪው በመድረክ ላይ ሆኖ በጥንቃቄ የሚናገረውን ነገር ከመድረክ ሲወርድ በግልጽ ያብራራዋል፤ ጎናችሁ የተቀመጠው የማታውቁት ሰውም ስለ ጉዳዩ ከእናንተ የበለጠ ያነበበ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ሰዓት ቆዩ።

ወደ ምርጫው ልምጣ። ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው እየዘለላችሁ ዝነኛ ስም ብቻ አትከተሉ። በአንድ ሴሚስተር አንድ ተከታታይ ንግግር ምረጡና እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። በመጀመሪያው ቀን የመስኩን ቃላት ትለምዳላችሁ፤ በሁለተኛው ባለሙያዎቹ የሚከራከሩበት ጥያቄ ምን እንደሆነ ይገባችኋል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ከተናጋሪው ጋር በልባችሁ መከራከር ትጀምራላችሁ፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። የምትመርጡት ተከታታይ ከሙያችሁ ውጭ የሆነ ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ። ድልድይ የሚነድፍ ሰው ስለ ወንዝ ሥነ ምህዳር የሚሰጥ ንግግር ሲሰማ፣ የድልድዩ ምሰሶ የሚተከልበት ውኃ የራሱ ሕይወት ያለው መሆኑን ይረዳል፤ ሕግ የሚያጠና ሰው ስለ ስታትስቲክስ ሲሰማ ማስረጃ ሲመዝን የሚሳሳትበትን ቦታ ያውቃል። የገዛ ሙያችሁን መጻሕፍትና የሥራ ባልደረቦቻችሁ ያስተምሯችኋል፤ የሌላውን ሙያ አስተሳሰብ ግን ባለሙያው በራሱ አንደበት ሲያስረዳ ከመስማት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

በፓሪስ የሚገኘው ኮሌዥ ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1530 ከተመሠረተ ጀምሮ የሚታወቀው በዚህ ነው። ዲግሪ አይሰጥም፣ ፈተና የለውም፣ ምዝገባም አይጠይቅም፤ ፕሮፌሰሮቹ የሚያስተምሩት ደግሞ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሰፈረውን ሳይሆን በምርምር ላይ ያሉበትንና ገና ያላለቀውን ሥራ ነው። ወጣት አድማጭ ከእንዲህ ዓይነቱ መድረክ የሚያገኘው ትልቁ ነገር፣ ዐዋቂ ሰው ሲጠራጠር፣ ትናንት ያለውን ዛሬ ሲያርም፣ «እዚህ ላይ ማስረጃዬ ደካማ ነው» ሲል ማየት ነው። ይህን በትምህርት ቤት እምብዛም አናየውም፤ እዚያ የሚቀርብልን የተጠናቀቀ መልስ ነውና።

ስለ ማስታወሻ አያያዝ፣ በኋላ ታላቅ ሳይንቲስት የሆነውን የማይክል ፋራዴይን ታሪክ ሁላችሁም እንድታውቁት እወዳለሁ። ፋራዴይ መደበኛ ትምህርቱ እጅግ አነስተኛ የሆነ፣ የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ይለማመድ የነበረ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 የሱቁ ደንበኛ በሰጠው መግቢያ ካርድ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ኬሚስት የሰጣቸውን አራት ንግግሮች አዳመጠ። ያዳመጠውን ቤቱ ገብቶ እንደገና አስፍቶ ጻፈው፣ ሥዕሎችንም ጨመረበት፣ በሚያውቀው የጥረዛ ሙያም መጽሐፍ አድርጎ አዘጋጀውና ለዴቪ ላከለት። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ተቋም የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1825 ደግሞ፣ ፋራዴይ ቤተ ሙከራውን በሚመራበት ጊዜ፣ ተቋሙ ለወጣቶች የሚዘጋጁትንና እስካሁን የሚቀርቡትን የገና ሰሞን ንግግሮች ጀመረ፤ ፋራዴይ ራሱም በኋላ ዓመታት ብዙ ጊዜ አቅርቧቸዋል። የእርሱን ዕድል ሁሉም ሰው አያገኝም፤ ሥራውን ግን ማንም ሊሠራው ይችላል። አዳራሽ ውስጥ ሆናችሁ እያንዳንዱን ቃል ለመገልበጥ አትታገሉ፤ የሐሳቡን መዋቅር፣ ያልገባችሁን ቃልና የተጠቀሰውን መጽሐፍ ብቻ ያዙ። ከዚያም በዚያው ምሽት፣ ማስታወሻችሁን ከመግለጣችሁ በፊት፣ የምታስታውሱትን በራሳችሁ አማርኛ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ያነበቡትን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጣቸው ፈተና ብልጫ ቢያሳዩም፣ ከሳምንት በኋላ ግን የተሻለ ያስታወሱት ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ነበሩ። ማስታወስ አድካሚ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሸሸዋል፤ እናንተ አትሽሹት።

አሁን ስለ ኮንሰርት ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ከሦስቱ መድረኮች ወጣቶች በጣም የሚፈሩት እርሱን ይመስለኛልና። «ሙዚቃ አልተማርሁም፣ ምን ልረዳ እችላለሁ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። የዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ክፍል የሚያዘጋጀው ኮንሰርት ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የተመቸ ቦታ ነው። አዳራሹ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ከተጫዋቹ አጠገብ ትቀመጣላችሁ፤ የቫዮሊን ተጫዋቹ ቀስቱን ከማሳረፉ በፊት ሲተነፍስ፣ አራቱ የኳርቴት ተጫዋቾች ያለ መሪ በዓይን ብቻ ተግባብተው አብረው ሲጀምሩ ታያላችሁ። ይህን በቀረጻ አታገኙትም። ምርጫ ከተሰጣችሁ ደግሞ የተመራቂ ተማሪዎችን የሙዚቃ ዝግጅት አስቀድሙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትሰሙት፣ አንድ ወጣት ከመምህሩ ጋር ሆኖ ለረጅም ወራት ሲሠራበት የቆየው ነው፤ የዕድሜ እኩያችሁ በሥራው ላይ ያለውን ጥንቃቄ ማየት ሙዚቀኛ ላልሆነውም ትምህርት ነው። የአድማጩ ቁጥር አነስተኛ በሚሆንበት በዚያ አዳራሽ መገኘታችሁም ለተጫዋቹ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት የሚቀርበውን ሥራ ፈልጋችሁ አንድ ጊዜ ስሙት፤ ሁለተኛው መስማት ከመጀመሪያው እጅግ የተለየ ነው። በር ላይ የሚታደለውን ጽሑፍ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት አንብቡት፣ ሲጀምር ግን ዝጉት። አንድ ሶናታ ወይም ሲምፎኒ በርካታ ክፍሎች ስላሉት በክፍሎቹ መካከል ዝምታ ሲሰፍን ሥራው ያለቀ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ዛሬ ባለው ልማድ የሚጨበጨበው በመጨረሻው ላይ ነው፤ ጽሑፉ ላይ የተዘረዘሩትን ክፍሎች ብትቆጥሩ አትቸገሩም። ሳታውቁ ብታጨበጭቡም የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ በሞዛርት ዘመን አድማጮች በክፍሎቹ መካከል ማጨብጨባቸው የተለመደ ነበር። ማስተር ክላስ የሚባለው መድረክ ሲዘጋጅ ደግሞ ፈጽሞ አያምልጣችሁ። ታላቅ ሙዚቀኛ በሕዝብ ፊት አንድን ተማሪ ያርማል፤ ተማሪው ያንኑ ሐረግ ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ይጫወታል፤ እናንተም መጀመሪያ ላይ ምንም ልዩነት ያልሰማ ጆሯችሁ ቀስ በቀስ ልዩነቱን መስማት ሲጀምር ይሰማችኋል። እርማትን በሰው ፊት በክብር መቀበል ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚህ መድረክ ላይ ነው፤ በሥራ ዓለምም ከዚህ የሚበልጥ ጠቃሚ ችሎታ ጥቂት ነው።

ክፍት ትምህርቶች ከንግግርና ከኮንሰርት ይልቅ ግዴታ ይበዛባቸዋል። ጄምስ ስቱዋርት የተባለ የካምብሪጅ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ በእንግሊዝ ሰሜናዊ ከተሞች ለሴቶችና ለሠራተኞች ሲያስተምር ንግግር ብቻውን እንደማይበቃ ተረድቶ የትምህርቱን ዝርዝር አሳትሞ ያድል፣ አድማጮችም በጽሑፍ የሚመልሱት ጥያቄ ይሰጥ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም እ.ኤ.አ. በ1873 ሥራውን በይፋ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሪቻርድ ቶኒ የተባለ የታሪክ ምሁር በእንግሊዝ በሮችዴልና በሎንግተን ከተሞች ለሠራተኞች ማስተማር ሲጀምር ደግሞ፣ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሆኖ አንዱ ለገለጻ፣ አንዱ ለውይይት ተመድቦ ነበር፤ ተማሪዎቹም ለሦስት ዓመት ለመከታተልና ጽሑፍ ለማቅረብ ቃል ይገቡ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የዋሉ ሰዎች ይህን ካደረጉ፣ እናንተም ትችላላችሁ። ሳትመዘገቡ በአድማጭነት ለመግባት ስትፈልጉ መምህሩን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የተመዘገቡት ተማሪዎች የሚያነቡትን አንብባችሁ ግቡ፤ የውይይቱን ሰዓት ግን አትሻሙባቸው፣ እነርሱ ፈተና አለባቸውና። በኢንተርኔት የሚለቀቁት ትምህርቶች፣ ኤም.አይ.ቲ. የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን ለማድረግ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ እጅግ በዝተዋል፤ ለመዘጋጀትና ለመከለስ ተጠቀሙባቸው።

ጥያቄ ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፣ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨርሱት። አስተያየት ያለው ሰው አስተያየቱን በጥያቄ መልክ አስረዝሞ ሲያቀርብ የሌሎችን ጊዜ ይወስዳል፤ ይህን ልማድ በወጣትነታችሁ ካልተዋችሁት በኋላ አይለቃችሁም። «ይህን እንዴት አወቁ?» የሚለው ቀላል ጥያቄ ከብዙ የተራቀቁ ጥያቄዎች የተሻለ መልስ ያመጣል።

በመጨረሻ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆናችሁ እነዚህን መድረኮች ለምታዘጋጁት። የተፈጥሮ ተመራማሪው አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እ.ኤ.አ. በ1827 እና በ1828 በበርሊን ስለ ተፈጥሮ ዓለም በዩኒቨርሲቲው ሲያስተምር፣ ከዚያ በተጨማሪ ዚንግአካዴሚ በተባለው የመዘምራን ማኅበር አዳራሽ አሥራ ስድስት ንግግሮችን ለሕዝብ በነፃ አቀረበ፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው መግባት የማይፈቀድላቸው ሴቶችም በብዛት መጥተው አዳመጡት። በርሊን ዋና ከተማዋ በነበረችው በፕሩሺያ ሴቶች በዩኒቨርሲቲ መመዝገብ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1908 መሆኑን ስታስቡ፣ ያ የሙዚቃ አዳራሽ ለእነርሱ ምን እንደነበረ ትረዳላችሁ። ስለዚህ መድረክ ስታዘጋጁ ማን መምጣት እንዳልቻለ ጠይቁ። በማስታወቂያው ላይ ማንኛውም ሰው መግባት እንደሚችል በግልጽ ጻፉ፤ ሰዓቱ ሠራተኛው ከሥራ ከወጣ በኋላ ይሁን፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው አዳራሹ ድረስ መድረስ መቻሉን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በጥበቃ ላይ ያሉትም ሠራተኞች እንግዳ እንደሚመጣ ይነገራቸው። ዝግጅቱ ሲያበቃ ደግሞ የሚቀጥለው መቼና የት እንደሚሆን ከመድረኩ ላይ ተናገሩ፤ ብዙ ሰው ሳይመለስ የሚቀረው ያየውን ጠልቶ ሳይሆን ቀጣዩን ቀን ባለማወቁ ነው።